ካዝና የገባው ምዕራፍ

ጥንቃቄ የሚባለውን ነገር በሰው አምሳል ማየት የሚፈልግ ካለ፣ ወደዚያ ትምህርት ቤት ጎራ ብሎ ርዕሰ መምህሩን ይመልከት። እንዲህ ያለ ሰው በየዘመኑ አይፈጠርም። ቢፈጠርማ ኖሮ በምድር ላይ ከቁልፍ በቀር ሌላ ነገር ባልተሠራ።

ከቤቱ ሲወጣ በሩን ይቆልፍና ይገፋዋል። ጥቂት ሄድ ይልና ተመልሶ ይገፋዋል። ቢሮው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላም በልቡ ይገፋዋል። የቢሮውን፣ የመዝገብ ቤቱን፣ የቤተ መጻሕፍቱን፣ የጠመኔ ሣጥኑን ቁልፍ ሁሉ በአንድ ቀለበት አስሮ ወገቡ ላይ ስለሚያንጠለጥል፣ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ተማሪዎቹ «ቁልፉ» ብለው ስም ያወጡለት በዚህ ነው። ስሙን ሲሰማ ይቆጣል ብለው ነበር፤ እሱ እቴ! ሹመት እንደተጨመረለት ሰው ደረቱን ነፋ።

ሰው በልጁ፣ በሀብቱ፣ በቁመናው ይኮራል። ቁልፉ የሚኮራው በአንድ ነገር ነው፤ በእሱ ዘመን ፈተና ሾልኮ አያውቅም። የፈተና ወረቀት ሲረከብ የታሸገውን ፖስታ እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ከነፋስ እየከለለ ነው የሚያመጣው። ሚስቱ የገዛ ልጁን እንዲህ ታቅፎ አይታው እንደማታውቅ ትናገራለች። ነርስ ናት፤ ስለ አስተቃቀፍ ማንም አያስተምራትም። ከጠረጴዛው በላይ፣ በመስታወት ተለብጦ፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። እሱ ግን ከመጠርጠሩ ብዛት ማን እንደመነጠረው ሳያውቅ ቆይቷል። ወደዚያው እየሄድን ነው።

አንድ ቀን ከበላይ ጽሕፈት ቤት መመሪያ መጣ። ፍሬ ነገሩ፣ ልጆች ማንበብ ጠልተዋልና ልብ ወለድ አስነብቧቸው ነው። ይህንን በአንድ መስመር ቢጽፉት ማን ያከብረዋል? ስለዚህ «ለወጣቶች የተዘጋጁ የፈጠራ ድርሰቶችን ከመማር ማስተማሩ ሂደት ጋር በማቀናጀት የንባብ ባህልን በዘላቂነት ስለማጎልበት» ብለው ጀመሩና ለምሳ እስኪወጡ ድረስ ጻፉት። ንባብ እንዲወደድ ሲሉ የማይነበብ ነገር ጻፉ። ከመመሪያው ጋር በካርቶን የታጨቀ፣ ሽፋኑ ላይ ጀልባ የተሳለበት አንድ ልብ ወለድ መጣ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ።

ቁልፉ ወዲያው ስብሰባ ጠራ። የቋንቋ መምህሯ ከሁሉ ቀድማ መጣች፤ መጽሐፉን ቀድማ አንብባው ዓይኗ አብጧል።

«ደስ የሚል ታሪክ ነው» አለች። «አባትየው ጀልባ ቀዛፊ ነው። ያገሩን ሰው ሁሉ ከዳር ዳር ያሻግራል፤ ከገዛ ልጁ ጋር ግን ቃል አይለዋወጥም። ልጅቷ አንድ ቀን ጀልባውን ሳታስፈቅድ ወስዳ ከድንጋይ ታጋጨዋለች። ጥፋቱ በወንድሟ ይላከካል፤ ልጁ ከቤት ይባረራል። እሷ ዝም! በኋላ ጸጸቱ ሲያንገበግባት ቤቱን ጥላ ወንድሟን ፍለጋ ወንዙን ትሻገራለች…»

«እውነት ነው ውሸት?» አለ ቁልፉ።

«ልብ ወለድ ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል። ውሸት ነው ወይ ነው የምልሽ።»

«አዎ፣ ውሸት ነው። ግን እኮ እውነት ነው።»

የሂሳብ መምህሩ ተነፈሰ። «የቋንቋ ክፍል ችግሩ ይሄ ነው። አንድ መልስ የላቸውም።»

«ይሁን» አለ ቁልፉ። «ፈተናውስ?»

«መጨረሻ ላይ በር ይንኳኳል። የሚያንኳኳው ማን እንደሆነና ለምን እንደመጣ እንጠይቃቸዋለን። መጽሐፉን ከልቡ ያነበበ ልጅ ይመልሰዋል።»

«መልሱ የት ነው ያለው?»

«መጽሐፉ ውስጥ።»

«መጽሐፉስ?»

«ልጆቹ እጅ ነዋ።»

ቁልፉ መነጽሩን አወለቀ። ፊቱ ላይ ቤቱ ሲቃጠል ያየ ሰው ድንጋጤ ታየ።

«እንግዲያው» አለ ቀስ ብሎ፣ «የፈተናውን መልስ አትመን፣ ጠርዘን፣ ሥዕል ያለው ሽፋን አልብሰን፣ ለተማሪው በእጁ ሰጥተን ‹በል ደህና ግባ› ብለን ልንሸኘው ነው?»

እውነትም ነገሩን ከዚህ አንጻር ያየው አልነበረም። መጽሐፍ የሚባለው ነገር ሁሉ ከጥንት ጀምሮ መልስ ሲያሾልክ የኖረ ወንጀለኛ መሆኑ ያን ቀን ተገለጠ።

ከብዙ ውይይት በኋላ የመጨረሻው ምዕራፍ ከእያንዳንዱ ቅጂ ተገንጥሎ እስከ ፈተናው ዕለት በካዝና እንዲጠበቅ ተወሰነ።

«ቆይ» አለች የቋንቋ መምህሯ፣ «ታዲያ ያላነበቡትን እንዴት አድርገው ይመልሱታል?»

«ያልተሰጠ ነገር አይሰረቅም» አለ ቁልፉ።

«አይሰረቅም ጋሼ። አይታወቅምም እኮ።»

«ከፊተኛው ተነስተው ያሰሉታል» አለ የሂሳብ መምህሩ። «የታወቀውን ይዞ ያልታወቀውን ማግኘት ነው። እኛ ስንሠራ የኖርነው ምን ሆነና?»

ተጨበጨበ። መሃይም ይህን ሲሰማ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ብሎ ያልፋል። የተማረ ሰው ግን ቃለ ጉባኤ ይይዝበታል፤ ይህ ነው ልዩነቱ። የመምህሯ ጥያቄም «ጥቃቅን አስተያየቶች» በሚለው ሥር በክብር ተመዘገበ።

ግንጠላው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተካሄደ። መምህራኑ በየወንበራቸው ተቀምጠው ማስመሪያ እየደገፉ ጠር፣ ጠር ያደርጉት ጀመር፤ በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ተባብረው አያውቁም። ታዲያ የመጨረሻው ምዕራፍ የሚጀምረው በአንድ ቅጠል ጀርባ ላይ ነበርና፣ ቅጠሉ ሲገነጠል ፊቱ ላይ የነበረውም አብሮ ሄደ። ስለዚህ ልጆቹ የደረሳቸው መጽሐፍ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ «መቀርቀሪያውን ሳበችው። በሩ ላይ የቆመው»። በቃ። አራት ነጥብ እንኳ የለው።

ካዝናው ከተገዛ ጀምሮ አንድ ማኅተምና አንድ የደረቀ የቀለም መርገጫ ብቻ ይዞ የኖረ ምስኪን ነበር። ያን ቀን ሆዱ እስኪወጠር ጎረሰ። ቁልፉ ቆለፈው። ገፋው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ገፋው።

እንግዲህ የሆነውን ስሙ። የመንገድ ምልክት ለማንበብ የሚታክታቸው ልጆች መጽሐፉን ይዘው ገቡ፤ በሦስት በአራት ቀን ውስጥ «በሩ ላይ የቆመው» ላይ ደርሰው ግንባራቸውን ከግድግዳ ጋር አጋጩ።

«ማን ነው የቆመው?»

«አባቷ ነው!»

«ሂድ ወዲያ! ከልጁ ጋር ቃል ተናግሮ የማያውቅ ሰው ወንዝ ተሻግሮ የሰው በር ሊያንኳኳ? ወንድሟ ነው።»

«ወንድሟ ቤቷን የት አውቆት?»

«አባቷስ የት አውቆት?»

ትምህርት ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ማንም አይደለም፣ ነፋስ ነው የሚሉ ጥቂት ተስፋ የቆረጡ ልጆችም ነበሩ፤ እነሱን የሚያናግራቸው አልተገኘም። ማስረጃ ፍለጋ መጽሐፉን ከአንደኛው ገጽ እንደገና ያነበበው ብዙ ነው። የሂሳብ መምህሩ ክፍል ሲገባ ሰሌዳው ላይ «በሩ ላይ የቆመው = ?» ተብሎ ተጽፎ አገኘ። ቀመሩ ያልተሟላ ነው ብሎ አጠፋው፤ ደብተሩ ጥግ ላይ ግን ገልብጦት ነበር ይባላል።

ጭቅጭቁ አንድ ሳምንት ያህል ነዶ ነዶ፣ በድንገት ጸጥ አለ። ልጆቹ መጣላታቸውን ትተው ቁልፉን ባዩ ቁጥር ፈገግ ማለት ጀመሩ። እየተሽቀዳደሙ «ቲቸር፣ ማን ነው በሩ ላይ?» ይሉታል፤ በአክብሮት፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው። ቁልፉ ይህን የሥነ ምግባር መሻሻል አድርጎ ሪፖርት ጻፈበት።

ክብሩ ከግቢው አልፎ ወጣ። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው ደብተር ሻጭ ባየው ቁጥር ከወንበሩ ብድግ እያለ እጅ ይነሳዋል። «ዕድሜ ይስጥልኝ ጋሼ! በእርስዎ ምክንያት እኮ ነው ገበያዬ የደራው።» ቁልፉ እስክሪብቶ ይሆናል ብሎ አለፈ። የሱቁ መስኮት በአዲስ ዕቃ አሸብርቋል፤ እሱ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሄድ ሰው ስለሆነ መስኮት ለመስኮት አያይም። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ምላጩን ጉሮሮው ላይ አሳርፎ፣ «ልጄ እንቅልፍ ነሳችኝ፤ በሞቴ ጋሼ፣ ማን ነው በሩ ላይ?» አለው። «ሙያ በልብ ነው» ብሎ መለሰለት ጀግናው፤ ምላጩ እስኪነሳ ግን ምራቁን አልዋጠም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ክብር መሃል አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበረች፤ ባትነሳም ይቻል ነበር። ቁልፉ መጽሐፉን አላነበበውም።

ለምን ብሎ? ያልሆነ ነገር ሆነ ሲባል ለመስማት ጊዜ የለው። የመጨረሻውን ምዕራፍም ቢሆን ቆለፈው እንጂ አላየውም። ባንክ የሚጠብቅ ዘበኛ ብሩን ይቆጥራል እንዴ?

ችግሩ የመጣው ከቤት ነው። የመጨረሻ ልጁ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ እዚያው እሱ ትምህርት ቤት። በቤት ውስጥ የምታውቃቸው ቃላት «አቤት»፣ «እሺ» እና «በልቻለሁ» ብቻ ሆነው ከቆዩ ሰንብቷል። ከትምህርት መልስ ክፍሏ ትገባና በሯን ትዘጋለች። በሕይወቱ ካጋጠሙት በሮች ሁሉ ቁልፉ ቁልፍ ያጣለት ያ ብቻ ነው። ሲያልፍ ቆም ይላል፤ እጁን ያነሳል፤ ምን እንደሚል ስለማያውቅ ቁልፎቹን እያንቃጨለ ይሄዳል።

መጽሐፉ ከመጣ ወዲህ ግን ያ በር ተከፈተ። ልጅቷ መጥታ ሶፋው ላይ አጠገቡ ዘፍ ትላለች።

«አባዬ።»

«ወይ ልጄ።»

«አባቷ ነው አይደል?»

«የማን አባት?»

«የልጅቷ ነዋ!»

«እ… የልጅቷ። እሱን ፈተናው ላይ ታገኚዋለሽ።»

«ብትፈራውም ትወደዋለች አይደል?»

«ማንን?»

ልጅቷ ትክ ብላ አየችው። አብራቸው የምትኖረው አማቱም ከሶፋው ጥግ ሆና አየችው። አማቱ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰው ግን ቆጥራ ጨርሳለች።

«አንተ ልጅ» አለችው። «በሆድህ ያለውን አልናገርም ማለት ያባት ነው። የሌለውን እንዴት አድርገህ ነው የምትደብቀው?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ የፈተና ምስጢር ነው።»

«ምስጢርማ ነው። ላንተም ጭምር።»

ልጅቷ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ቁልፉ አብሮ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ነገሩ ገባው። ይህችን ልጅ አጠገቡ ያስቀመጣት አንድ የማያውቀው ነገር ነው። አለማወቁን ያወቀች ቀን ተነስታ ትሄዳለች፤ በሩም ይዘጋል። ፈተና ቢሾልክ ሌላ ፈተና ይወጣል። ልጅ ከሾለከች ግን ምትክ ፈተና የላትም።

በማግስቱ ጸሐፊዋን «ማንም እንዳይገባ» አላትና ካዝናውን ከፈተ። ከተገነጠሉት አንዱን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ፦ «ሰው ጫማውን በእጁ ይዟል።» የማን ጫማ? ጫማ ሻጭ ይሆን? ገጹን ገለጠ። «ግባ፤ እግርህ በርዶሃል አለችው።» ማን ናት? ለምን በረደው? ጫማው በእጁ አይደል፣ አያደርገውም? «ልሰማሽ ነው የመጣሁት አላት።» ከዚያ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ቁልፉ ማንንም የማያውቅበት ሠርግ ላይ ተጠርቶ «በል ንግግር አድርግ» እንደተባለ ሰው ሆነ። መጨረሻውን ቆልፎ የያዘ ሰው መጀመሪያው ጠፋበት።

መጽሐፉን ከቋንቋ መምህሯ እንዳይበደር ነገሩ ይታወቃል። ኮሪደር ላይ እየሄደች የምታነብ አንዲት ተማሪ አየና ጠራት።

«እየሄዱ ማንበብ ለአደጋ ያጋልጣል። አምጪው።»

«ቲቸር፣ አንብቡ ብላችሁን እኮ ነው!»

«አንብቡ ብለናል። እዚህ ድረስ አላልንም።»

እንዲህ አድርጎ የንባብን ባህል ያጎለበተው ሰው ቢሮውን ዘግቶ ተቀመጠ። ባለጉዳይ ሲመጣ ጸሐፊዋ ትመልሳለች።

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«ከማን ጋር?»

«እንጃ። ብቻ አንዳንዴ ሲያለቅሱ ይሰማኛል።»

ያለቅስ ነበር። ጀልባ ቀዛፊው እርጥበት እንዳይነካው ጫማውን ከእግሩ አውልቆ የሚይዝ ሰው ነው፤ ልማድ ሆኖበት በየብስም በእጁ ይዞት ይሄዳል፤ መንደሩ ይስቅበታል። ልጅቷ በትንሽነቷ ወደ ወንዙ ሮጣ ትቀበለዋለች። ያኔ የምትለው ነገር አለ፦ «በአንድ እጁ መቅዘፊያ፣ በአንድ እጁ ጫማ። እኔን የሚይዝበት እጅ የለውም።» ቁልፉ እዚህች ላይ ቆመ። የራሱን እጆች አየ። በአንዱ የቁልፍ ቀለበቱን ጨብጧል፤ ለምን እንደጨበጠው ግን አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ቀጠለ።

ከዚያ «መቀርቀሪያውን ሳበችው። በሩ ላይ የቆመው» ላይ ሲደርስ፣ ያን ምዕራፍ ከዚህ ቀደም ያነበበው ሰው፣ ወንበሩን ገልብጦ ወደ ካዝናው ሮጠ። ከጥድፊያው ብዛት የካዝናው ቁልፍ አልገባ አለው። ገንጥሎ የደበቀው እሱ፣ አምጡልኝ እያለ የሚባዝነውም እሱ ሆነ። «ሰው ጫማውን በእጁ ይዟል።» አሁን ምን ያጠያይቃል! መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ሸፈነ፤ ጸሐፊዋም ስብሰባው እንደከረረ ተረዳች።

ፈተናው ሰኞ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ገና ሳሎኑ ውስጥ እያለ፣ ቁልፉ ቁልፎቹን ከወገቡ ፈታና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። ጫማውን አወለቀ። በእጁ ያዘው። አማቱ ከሶፋው ሆና የሚያደርገውን ሁሉ ታያለች። በካልሲው ሄዶ የልጁን በር አንኳኳ። ሳይሰማ ሲመጣ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው።

ልጅቷ ከፈተች። ፊቱን አየች። ጫማውን አየች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ግባ፤ እግርህ በርዶሃል» አለችው።

ቁልፉ «ልሰማሽ ነው የመጣሁት» ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ከአባትየው ይልቅ ርዕሰ መምህሩ ቀድሞ ነቃ።

«ይሄ… ይሄ ዓረፍተ ነገር ካዝና ውስጥ ነው ያለው!»

«አባዬ፣ ያንተ ንግግር እሱ አይደለም።»

«የት አገኘሽው?!»

«ደብተር ሻጩ ጋ ነዋ። መስኮቱን ሞልቶታል እኮ፣ ሙሉው መጽሐፍ! ከትምህርት ቤቱ በር ስትወጣ ፊት ለፊትህ ነው። ኋላ ብዙዎቹ የራሳቸውን ገዙ እንጂ፣ አንዷ ልጅ በገዛችው ነው እየተቀባበልን ያነበብነው። መጀመሪያው ሳምንት ላይ።»

«ታዲያ በየቀኑ የምትጠይቁኝ ምኑን ነው?»

«አንተ ማንበብህን ነዋ! ‹ማንን?› ስትለኝ ጊዜ አለማንበብህ ገባኝ። ለልጆቹ ነገርኳቸው። ከዚያ እስኪያነብ እንጠይቀው ተባባልን። ማንም እንዳይናገር ተማማልን።»

«ማንም አልተናገረም?»

«አንድም ልጅ።»

ቁልፉ ወደ ሶፋው ዞር አለ። «እማማ፣ እርስዎስ ያውቁ ነበር?»

«እኔማ አንብባልኝ ከሰማሁት ስንት ጊዜ!» አለች አማቱ። «አጨራረሱ ግሩም ነው። በል አሁን የሰውየውን ቃል ተናገር፤ ልጅቷ በር ላይ ቆማለች።»

እንግዲህ በዚያ ትምህርት ቤት ሳይሾልክ የቀረ አንድ እውነተኛ ምስጢር ይህ ነው። የጠበቁት ልጆች ናቸው፤ ለዚያውም ያለ ካዝና።

ቁልፉ ጫማውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልሰማሽ ነው የመጣሁት» አለ።

ልጅቷ ምን እንደነገረችው አይታወቅም። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ሁለቱም ከውስጥ ናቸው።

እሑድን ቁልፉ ሲገላበጥ ዋለ። ፈተናው ሾልኳል ብሎ ቢናገር ስሙ ሄደ፤ የልጆቹም ፈተና ተሰረዘ። ዝም ቢል ደግሞ በዓይኑ እያየ የሾለከ ፈተና ሊያስፈትን ነው። ልጁን ጠየቃት። «አንተ ካልተናገርክ እኛም አንናገርም» አለችው። «እስከዛሬ ተናግረናል?» በመጨረሻ መጽሐፉን በሙሉ አንብቦ መልስ ማወቅ መሾለክ ከተባለ፣ ትምህርት የሚባለው ነገር ሁሉ ሾልኮ ነው ያለቀው ብሎ ተጽናና። ለአንድ ለተማረ ሰው ትልቅ ግኝት ነው።

ሰኞ ተፈተኑ። አንድም የተሳሳተ ልጅ አልተገኘም። ለምን መጣ ለሚለው ደግሞ መልስ ወረቀት እስኪያልቅባቸው ጻፉ። የሂሳብ መምህሩ ውጤቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«አንድም ስህተት? ይሄ ስሌት ያስፈራል።»

«ከታወቀው ተነስተው ያልታወቀውን አገኙት» አለ ቁልፉ። «ያልከው አንተ አይደለህም?»

ወሬው ከበላይ ጽሕፈት ቤት ደረሰ፤ ልዑካን መጡ። ካዝናውን እንይ አሉ፤ አሳያቸው። የልዑካኑ መሪ ብረቱን በመዳፉ ዳበሰው፣ ራሱንም ነቀነቀ። ግቢው ውስጥ ወንበር ተደርድሮ ቁልፉ ስለ ተሞክሮው እንዲናገር ተጋበዘ። ልጁን ከተማሪዎቹ መሃል አያት። እውነቱን ሊናገር ቆረጠ።

«እውነቱን ለመናገር» አለ፣ «ካዝናው ምንም የሠራው ነገር የለም። እኔም የሠራሁት የለም። ልጆቹ በራሳቸው…»

«ትሕትና!» አለ የልዑካኑ መሪ። «ትሕትና ይሏል ይህ ነው!» ጭብጨባው ቀሪውን ንግግር ዋጠው። ቁልፉ ደግሞ ሊሞክር ሲል ሜዳሊያ አጠለቁለት፤ ሜዳሊያ አንገት ሲነካ ምላስ ይተሳሰራል።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ መመሪያ ወጣ። መልካም ተሞክሮውን ለማስፋት፣ ከእንግዲህ በየትምህርት ቤቱ የሚታደሉ መጻሕፍት በሙሉ የመጨረሻ ምዕራፋቸው እየተገነጠለ በካዝና እንዲጠበቅ። ልብ ወለዱም፣ ሂሳቡም፣ ሥነ ሕይወቱም። እነሆ ዘንድሮ የሚማሩት ልጆች ሳንባና ጉበት የሚሠሩትን አንድ በአንድ ያውቃሉ፤ ኩላሊት ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስለሆነች ካዝና ውስጥ ናት። ለቁልፉ ከድሮው የሚበልጥ ካዝና በሽልማት ተላከለት። ደብተር ሻጩ ደግሞ የጎረቤቱን ሱቅ ተከራይቶ ግድግዳውን አፈረሰና ሱቁን አሰፋ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ልጅቷ ለአባቷ አዲስ ልብ ወለድ አመጣችለት። ቁልፉ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ሶፋው ላይ ሰብስቦ ገባበት። ሲጨልጠው ዋለ። ከዚያ ጮኸ።

«የቀረው የት አለ?»

የመጽሐፉ መጨረሻ በማስመሪያ ተደግፎ፣ ጥንቅቅ ተደርጎ ተገንጥሏል።

«ይጠበቃል» አለች ልጅቷ። «መጀመሪያ ምን የሚሆን ይመስልሃል? ለምን? እሱን ስትነግረኝ ነው። ፈተናህ ቅዳሜ ነው።»

«ኧረ ልጄ! ሰውየው ገደል አፋፍ ላይ ነው ያለው!»

አማቱ ከአንገቷ ሥር አንዲት ክር ጎተተች። ከክሩ ጫፍ የሣጥኗ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«እማማ፣ ባባትዎ፣ አንዲት ገጽ ብቻ!»

«እኔ ቤት» አለች አማቱ ቁልፉን መልሳ እየሸጎጠች፣ «ፈተና ሾልኮ አያውቅም።»

ቁልፉ ትንሽ አሰበ። ወደ መስኮቱ አየ። ከዚያ ድንገት ብድግ ብሎ ወደ በሩ ገሰገሰ፤ ለመቆለፍም፣ ለመግፋትም ጊዜ አላገኘም።

«ወዴት ነው በዚህ ጥድፊያ?» አለችው ልጁ።

«እስክሪብቶ ልገዛ» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ ጫማውን በእጁ እንደያዘ።